የመካንነት ሕክምና በኢስላም፦ ተፈቀደ ስንል እስከ የት ድረስ ነው?

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን የውይይት ክር ከከፈትኩ ወዲህ መልሱ በዝቷል፤ አዲስ የሚገባ ሰውም ከላይ የተመለሰውን መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ መነሻዬን እንዳለ ትቼ፣ ከሥሩ የተሰጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም። በአንዳንዱ መልስ ላይ የተሰማኝንም አልደበቅኩም።

መነሻ

ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ፣ ከአላህ ውሳኔ ጋር ልትታገሉ ነውን የሚላቸው ዘመድ አይጠፋም። ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ በማያውቀው ነገር ግን ፍርድ ሰጥቷል። ከማህፀን ውጭ በተደረገ ፅንሰት የመጀመሪያዋ ሕፃን እንግሊዝ አገር የተወለደችው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1978 ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በማርች 1980፣ ያኔ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩትና ኋላ የአል-አዝሀር ታላቅ ሸይኽ የሆኑት ጃድ አል-ሐቅ ዓሊ ጃድ አል-ሐቅ ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብያኔ) ሰጡበት። ዘሩ የባልየው፣ እንቁላሉ የሚስትየው፣ ማህፀኑም የእርሷው ከሆነና ሕክምናው የግድ ካስፈለገ ይፈቀዳል አሉ። በ1986 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ደግሞ መቀመጫውን ጅዳ ያደረገው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ (የሸሪዓ ሕግ) አካዳሚ በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በዐማን ተሰብስቦ ሰባት መንገዶችን አንድ በአንድ መረመረ። ሁለቱን ፈቀደ፣ አምስቱን ከለከለ። የተፈቀዱት የባልን ዘር በሚስት ማህፀን ውስጥ ማስገባት፣ እንዲሁም የሁለቱን ዘርና እንቁላል ውጭ አገናኝቶ ወደ ሚስትየው ማህፀን መመለስ ናቸው። በተከለከሉት አምስቱ ውስጥ ግን ሁልጊዜ ከባልና ሚስቱ ሌላ አንድ ሰው አለ፦ የሌላ ወንድ ዘር፣ የሌላ ሴት እንቁላል ወይም የሌላ ሴት ማህፀን።

አቋሜ አጭር ነው። ወሰኑ ኒካሕ (ጋብቻ) ነው። በኒካሕ ውስጥ ያለውን ሕክምና ሐራም የሚል ሰው አላህ ያልዘጋውን በር ይዘጋል፤ ከኒካሕ ውጭ ያለውንም ሕክምና እስከሆነ ድረስ ምን አለበት የሚል ሰው የልጁን ነሰብ (የዘር ሐረግ) ያበላሻል። ሁለቱንም እቃወማለሁ። እናንተስ?

መልሶች

መልስ 1። አንድ ወንድም በትሕትና ጀመረ። ሱረቱ አሽ-ሹራ ላይ አላህ ለሚሻው ሴቶችን፣ ለሚሻው ወንዶችን እንደሚሰጥ፣ የሚሻውንም መካን እንደሚያደርግ ተነግሯል፤ ታዲያ መካን የተደረገ ሰው ሕክምና መፈለጉ እንዴት ይታያል ሲል ጠየቀ። ለክርክር ብሎ እንዳልጠየቀ ከአጻጻፉ ያስታውቃል።

መልስ 2። አንዲት እህት ከዚያው ከቁርኣን መለሰችለት። ነቢዩላህ ዘከሪያ ዐለይሂ ሰላም ሸምግለው፣ ሚስታቸውም መካን ሆና ሳለ ብቻዬን አትተወኝ ብለው ጌታቸውን ለመኑ። ሱረቱል አንቢያእ ላይ አላህ ልመናቸውን ተቀብሎ የሕያን እንደሰጣቸው፣ ሚስታቸውንም ለመውለድ የበቃች እንዳደረጋት ተጽፏል። መካንነትን ዝም ብሎ መቀበል ግዴታ ቢሆን ኖሮ ነቢይ ባልለመነ ነበር አለች። መካን የሚያደርገውም የሚያሽረውም አንዱ ጌታ ነው፤ መድኃኒቱም ከእርሱ ነው ብላ ዘጋች።

መልስ 3። ሌላ ወንድም በማስረጃው ላይ እርምት አስገባ። የዘከሪያ ታሪክ ተአምር ነውና ለሕክምና ቀጥተኛ ማስረጃ አይሆንም፤ ቀጥተኛው አቡ ዳውድ ከኡሳማ ኢብን ሸሪክ የዘገቡት ሐዲስ ነው አለ። በዚያ ሐዲስ ረሱል ሶ.ዐ.ወ. ታከሙ ብለው አዝዘዋል፤ አላህ መድኃኒት ያላኖረለት በሽታ የለም፣ ከእርጅና በስተቀር። እርምቱ ትክክል ነው፤ የእህታችንን ነጥብ ግን አላፈረሰውም። ከዚያ ራሱ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጨመረ፦ የወር አበባዋ በዕድሜ የቆመ ሴት ታማሚ ናት ወይስ አርጅታለች? ይህ ጥያቄ በተግባር ራሱን ይመልሳል። የራሷ እንቁላል ያለቀባት ሴት ክሊኒክ ብትሄድ የሚቀርብላት የሌላ ሴት እንቁላል ነው፤ ያ ደግሞ ከአምስቱ ክልክሎች አንዱ ነው።

መልስ 4። ይህን የጻፈችው እህት ስለ ፈትዋ አልተናገረችም። ኢንፌክሽን የማህፀን ቱቦዎቿን ዘግቶባት ስለነበር ዘሩና እንቁላሉ በተፈጥሮ የሚገናኙበት መንገድ አልነበራትም። ከሕክምናው መርፌ ይልቅ የእንግዶች ጥያቄ እንደጎዳት ነገረችን። ዒድ በመጣ ቁጥር እጇን ይዘው ወደ ጎን የሚወስዷት ሴቶች ነበሩ፤ ባሏን ግን ማንም ወደ ጎን ወስዶት አያውቅም። እናታችን ዓኢሻ ረ.ዐ. ልጅ ሳይወልዱ የምእመናን እናት ተብለው እንደኖሩ አስታወሰችን። ከሥሯ ብዙ ሰው ዱዓ አደረገላት።

መልስ 5። አንድ ወንድም ማፈሩን አስቀድሞ ከገለጸ በኋላ፣ የዘር ናሙና የሚሰጥበትን መንገድና ሚስቱን ወንድ ሐኪም የሚያይበትን ሁኔታ ጠየቀ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መስጊድ ውስጥ ለመጠየቅ ስንቱ ይደፍራል? እዚህ በመጠየቁ ደስ ብሎኛል።

መልስ 6። አንድ ኡስታዝ በእርጋታ መለሱለት። ናሙናው ከተቻለ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ቢገኝ የተሻለ ነው፤ ካልተቻለ ግን ለሕክምና ሲባል የተፈቀደ ነው አሉ። የሐኪሙን ጉዳይ በተመለከተ አካዳሚው በ1993 ያወጣው ውሳኔ ቅደም ተከተል አለው፦ ሙስሊም ሴት ሐኪም፣ ካልተገኘች የምትታመን ሙስሊም ያልሆነች ሴት፣ ካልተገኘች ሙስሊም ወንድ፣ እርሱም ካልተገኘ ሙስሊም ያልሆነ ወንድ። ወንድ ካያት ባሏ ወይም መሕረሟ (ልታገባው የማይፈቀድላት የቅርብ ዘመዷ) ወይም የታመነች ሴት አብሮ ይኑር፤ የሚገለጠውም ለምርመራው የሚበቃው ያህል ብቻ ይሁን። ባልየው በር ላይ ቆሞ ከሚጨነቅ ገብቶ አጠገቧ ቢቀመጥ ለእርሷም ይሻላል ብለው ጨመሩ።

መልስ 7። ሦስት መስመር ብቻ ናት፤ ክሩን ግን አናጋችው። ጸሐፊው ይህ ሁሉ ወጪና ድካም ለምን ነው፣ አላህ እስከ አራት ፈቅዶ የለም ወይ፣ ሌላ ማግባት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ።

መልስ 8። ባለ መልስ 4 ተመለሰች፤ አሁን ቃሏ ስለታም ነበር። ባልየው ራሱ ተመርምሯል ወይ ብላ ጠየቀችው። የወንዱ ዘር አነስተኛ ከሆነ ወይም የማይንቀሳቀስ ከሆነ አራት ሚስት ቢያገባ አራት ሴት ያስለቅሳል እንጂ ልጅ አያገኝም አለችው።

መልስ 9። አንድ ሐኪም ነኝ ያለ ወንድም በቁጥር ደገፋት። ከወንዱ በኩል ያለው ችግር፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ፣ ግማሽ በሚጠጉት ጥንዶች ላይ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በዕድሜው የመካንነት ችግር ያጋጥመዋል። አንድን የዘር ሕዋስ በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ ማስገባት የሚያስችለው ዘዴ በ1992 ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ዘራቸው እጅግ ያነሰ ወንዶችም የራሳቸውን ልጅ ማግኘት ችለዋል። ዘሩ የባል ስለሆነ ይህ ዘዴ በሸሪዓ ከተፈቀደው መንገድ አይወጣም።

ባለ መልስ 7 ዳግመኛ አልጻፈም። ሌላ ማግባት ሐላል ነው፤ ማንም አልካደም። ነገር ግን ሳይመረመሩ ሚስትን ጥፋተኛ ማድረግ በደል ነው፤ በደል ደግሞ በሐላል ስም ሲቀርብ ይበልጥ ያመኛል።

መልስ 10። እስካሁን ከተጻፉት ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። በፅንስ ቤተ ሙከራ የምትሠራ እህት ሥራውን ከቅርብ አሳየችን። የባልና የሚስት ስም የሚጻፈው በሳህኑ ክዳን ላይ አይደለም፤ ክዳን ሊቀያየር ይችላልና በራሱ በሳህኑ ግርጌ ላይ ነው። በሥራ ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ የአንድ ጥንድ ብቻ ይቀመጣል፤ የዚያኛው ተነሥቶ ጠረጴዛው ሳይጸዳ የሌላው አይወጣም። ዘሩ ወደ እንቁላሉ ከመጨመሩ በፊት ሁለተኛ ሰው ይጠራል። አንዷ ስሙንና ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ ከመዝገቡ ጋር ታመሳክራለች፣ ሁለቱም ሰዓቱን ጽፈው ይፈርማሉ። ፅንሱ ወደ ማህፀን በሚመለስበት ቀን ሴትዮዋ ራሷ አልጋው ላይ ሆና ስሟን ትናገራለች። ዘር ያነሣ መምጠጫ ለሌላ ሰው አያገለግልም፤ ይጣላል። ሁለት ምስክር የሚቆመው ለኒካሕ ብቻ አይደለም፣ እኛም ጋር ይቆማል አለች።

መልስ 11። ለእርሷ የተሰጠ መልስ ነው። ጸሐፊው በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው ውሃውን በሌላ ሰው አዝመራ ላይ አያጠጣም የሚለውን፣ ሩወይፊዕ ኢብን ሳቢት ያስተላለፉትን ሐዲስ ጠቀሰ። ያ ሐዲስ የመጣው ከሌላ ባል ያረገዘችን ሴት ስለመቅረብ ነው፤ ዑለማእ (የሃይማኖት ሊቃውንት) ግን የሌላ ወንድ ዘር መውሰድን ሲከለክሉ ይመረኮዙበታል። እርሱ እንዳለው ቸልተኛ ቤተ ሙከራ፣ ሐላል ብለው የገቡ ባልና ሚስትን ሳያውቁት ሐራም ውስጥ ሊጥላቸው ይችላል። ስለዚህ ፈትዋ የሚጠይቅ ሰው ስለ ቤተ ሙከራው አሠራርም ይጠይቅ። ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

መልስ 12። በእኔ አቋም ላይ የቀረበው ጠንካራው ጥያቄ ይህ ነው። ወሰኑ ኒካሕ ከሆነ፣ ሁለት ሚስቶች ያሉት ሰው የአንደኛዋን ፅንስ በሁለተኛዋ ማህፀን ቢያሳድግ ምን ይከለክለዋል? ሁለቱም በኒካሕ ናቸው፤ ልጁም የእርሱ ነው። ጸሐፊው በመካ ያለው የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ በ1984 ይህንን መፍቀዱን በማስረጃነት አቀረበ።

መልስ 13። አንድ የሸሪዓ ተማሪ የቀረውን ግማሽ ታሪክ ሞላ። ጉባኤው በ1984 መፍቀዱ እውነት ነው፤ በ1985 ግን ፈቃዱን አንሥቷል። ምክንያቱም ተነግሯል። ፅንሱን የተቀበለችው ሚስት በዚያው ሰሞን ከባሏ በተፈጥሮ ብታረግዝ፣ የተወለደው ልጅ የየትኛዋ ሴት እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፤ መንታ ከሆነም ይብሳል፤ አንዱ ፅንስ ቢወርድ የቀረው የማን ነው? የ1986ቱ የዐማን ውሳኔም ይህንኑ መንገድ ከአምስቱ ክልክሎች ቆጥሮታል።

መልስ 14። ባለ 12 አልተዋጠለትም። የዲኤንኤ ምርመራ ባለበት ዘመን ያ ሥጋት ቀርቷል፤ እናቱን በአንድ ጠብታ ደም መለየት ይቻላል አለ። ተማሪውንም የሰማውን የሚደግም ብሎ ነካው።

መልስ 15። ተማሪው በቁጣ መለሰ። ጉባኤውን በ1984 ሊቃውንት፣ በ1985 አላዋቂዎች ማድረግ የራስን ስሜት መከተል ነው አለው።

መልስ 16። እዚህ ላይ ራሴ ገባሁ። ምርመራው የእንቁላሉን ባለቤት ይለያል፤ እናት ማን ናት የሚለውን ግን አይፈታም። እንቁላል የሰጠችው ወይስ ተሸክማ ያማጠችው? በዚህ ላይ ዑለማእ ራሳቸው ተለያይተዋል። ሱረቱል ሙጃደላ ላይ እናቶቻቸው የወለዷቸው ብቻ ናቸው የሚለውን ይዘው የወለደችው ናት የሚሉ አሉ። አንቀጹ ሚስቱን እንደ እናቴ ጀርባ ነሽ ስለሚል ሰው የወረደ ነው ብለው እንቁላሉን የሚያስቀድሙም አሉ። ልጅ እናቱን ሲወርስና እናቱም ስትወርሰው፣ እህቱ ማን እንደሆነችና ማንን ማግባት እንደማይችል ሲታወቅ፣ ይህ ሁሉ በዚያ መልስ ላይ ይቆማል። ደግሞም ኒካሕ እያንዳንዷን ሚስት ከባሏ ጋር ያስተሳስራል እንጂ ሁለቱን ጣውንቶች እርስ በርስ አያስተሳስርም፤ አንዷ በሌላዋ ማህፀን ላይ ምንም መብት የላትም። ስለዚህ ወሰኑ ኒካሕ ነው ማለቴን አልተውኩም። ለተማሪውም ለወንድማችንም አነጋገራቸውን እንዲያለዝቡ ጠየቅኩ።

መልስ 17። ይህን ክርክር ስታነብ የቆየች እህት ጻፈች። ያለ ማህፀን ነው የተወለደችው፤ እንቁላል ግን አላት። የተከራየ ማህፀን ከተዘጋባት፣ የሌላ ሴት ማህፀን በቀዶ ሕክምና ቢተከልላትስ ስትል ጠየቀች።

መልስ 18። ባለ መልስ 9 ሐኪም በጥሩ ሁኔታ መለሰላት። አካዳሚው በ1990 ባሳለፈው ውሳኔ የሴት እንቁልጢን (እንቁላል የሚያመርተውን አካል) እና የወንድ የዘር ፍሬን መትከል ከልክሏል፤ ከተተከሉ በኋላም የሰጪውን ዘር መሸከማቸውን ስለማያቆሙ። ዘር የማያስተላልፉ የመራቢያ አካላትን ግን በጥቅሉ አልዘጋም፤ ዐውራ (ከሰው ዓይን ሊሸፈኑ የሚገባቸው) የሆኑትን ውጫዊ አካላት ብቻ ለይቶ ከልክሏል። ማህፀን በዚህ መካከል ይገባል የሚሉ አሉ፣ የሚጠነቀቁም አሉ። ከሕክምናው በኩል ጅዳ ላይ በ2000 የተተከለ ማህፀን ከ99 ቀን በኋላ መውጣት ግድ ሆኖበታል፤ በተተከለ ማህፀን የመጀመሪያው ልጅ የተወለደው በ2014 ስዊድን ውስጥ ነው። ቀዶ ሕክምናው ለሰጪዋም ለተቀባይዋም ከባድ እንደሆነ፣ ተቀባይዋም ሰውነቷ ማህፀኑን እንዳይገፋ የሚያደርግ መድኃኒት እንደምትወስድ አልደበቃትም።

መልስ 19። ከርዕስ የወጣች ብትሆንም ብዙ ሴት የሚያስጨንቅ ጥያቄ ናት። ረመዳን ላይ የሆርሞን መርፌና በብልት የሚገባ መድኃኒት ጾም ያስፈታል ወይ?

መልስ 20። ኡስታዙ ተመልሰው በአጭሩ መለሱ። በ1997 የአካዳሚው ውሳኔ መሠረት ምግብነት የሌለው መርፌ፣ በሴት ብልት የሚገባ መድኃኒትና የማህፀን ምርመራ ጾም አያስፈቱም። በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ የተለየ አስተያየት ያላቸው መዝሀቦች (የፊቅህ ትምህርት መንገዶች) ስላሉ የተጨነቀች ሴት ከምትከተለው ዓሊም ጋር ትነጋገር፤ እንቁላል በሚወጣበት ቀን ግን ማደንዘዣ ስላለና ሰውነት ስለሚደክም ፈትታ ቀዷእ ብታወጣ (በሌላ ቀን ብትጾም) አላህ ፈቅዶላታል አሉ።

መልስ 21። አንድ ወንድም የኢራንን ነገር አነሣ። እዚያ የእንቁላልና የፅንስ ልገሳ ይደረጋል፤ እነርሱስ ሙስሊሞች አይደሉም ወይ አለ። ከሥሩ የመጣው መልስ 22 መናፍቅ እያለ በጅምላ የሚሳደብ ስለነበር በአስተናጋጆቹ ተሰርዟል። መሰረዙ ተገቢ ነው። ሰው ስለ ሕግ ሲጠይቅ ስለ ሕጉ ይመለስለት።

መልስ 23። ተማሪው፣ አሁን ረጋ ብሎ፣ ነገሩን በዝርዝር አቀረበው። ያኔ የኢራን ከፍተኛ መሪ የነበሩት የሺዓው ሊቅ አያቱላህ ኻሚነኢ በ1999 በሰጡት ፈትዋ ልገሳን በሁኔታዎች ፈቅደዋል፤ ከሺዓ ሊቃውንት መካከልም የማይስማሙባቸው አሉ። የኢራን ፓርላማ በ2003 ያጸደቀው ሕግ የሚናገረው ስለ ፅንስ ልገሳ ነው። ፅንሱ ከተጋቡ ባልና ሚስት መምጣት አለበት፣ የሚሰጠውም ለተጋቡ ነው፣ የፍርድ ቤት ፈቃድም ያስፈልጋል። የዘር ልገሳ በሕጉ ውስጥ አልተካተተም። በዚያ ፈትዋም ቢሆን ልጁ የሚወርሰው ዘሩን ወይም እንቁላሉን ከሰጠው ወገን ነው፤ ያሳደጉት ባልና ሚስት እንደ አሳዳጊ ይቆጠራሉ። በሱኒ ዑለማእ ዘንድ ግን በሩ ዝግ እንደሆነ አለ፤ ቱርክ በ2010 ባወጣችው ደንብ ለዚህ ሲባል ወደ ውጭ አገር መሄድን ጭምር ከልክላለች።

መልስ 24። አንዲት እህት ልገሳውን ደግፋ ጻፈች። ጡት ያጠባች እናት ዘሯ ሳይሆን እናት ከተባለች፣ ዘጠኝ ወር የተሸከመችውስ ለምን አትባልም አለች። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ አንዳንድ የሺዓ ሊቃውንትም ተከራይቶ የሚሸከመውን ማህፀን ከጡት እናትነት ጋር ያነጻጽሩታል። የጡት እናትነት ግን ጋብቻን ይከለክላል እንጂ ውርስና ነሰብ አይሰጥም፤ ልጁ ከመወለዱ በፊትም የማን እንደሆነ የታወቀ ነው። ለጋሹ በማይታወቅበት ልገሳ ልጁ አድጎ ሳያውቅ የአባቱን ልጅ ሊያገባ ይችላል። ይህን ሥጋት ቀላል ነው የሚለኝ ሰው አላጋጠመኝም።

መልስ 25። በዚሁ አጋጣሚ አንድ ሰው የጉዲፈቻን ነገር አነሣ፤ ጠቃሚ ሆኖ አገኘሁት። ወላጅ አልባን ማሳደግ ትልቅ አጅር አለው፤ በአሳዳጊው ስም መጥራት ግን በሱረቱል አሕዛብ ተከልክሏል፤ ነቢዩ ያሳደጓቸው ዘይድም ከዚያ በኋላ ኢብን ሓሪሳ (የሓሪሳ ልጅ) ተብለው ወደ አባታቸው ተመልሰዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጡት ከጠባ ግን ልጁ ለቤቱ መሕረም ይሆናል። ከመዝሀቦቹ በሻፊዒዮችና በሐንበሊዮች አምስት ጊዜ መጥባት ሲጠየቅ በሐነፊዮችና በማሊኪዮች ጥቂቱም ይበቃል። ያልወለደች ሴት በሕክምና ጡቷ ወተት እንዲያግት ማድረግ እንደሚቻል ሐኪሙ አከለ።

መልስ 26። አንዲት ባሏ የሞተባት እህት ጻፈች። ባሏ የካንሰር መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ዘሩን በቅዝቃዜ አስቀምጦ ነበር። አሁን እርሱ የለም፤ ዘሩ ግን በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አለ። የእርሱን ልጅ ማሳደግ እንደምትፈልግ ብቻ ነው የጻፈችው።

መልስ 27። የመጣላት መልስ ትክክለኛ ፍርድ በጨካኝ አንደበት ነበር። ምንዝር ነው ተባለች።

መልስ 28። ይህን ማለፍ አልቻልኩም። የብዙኃኑ ዑለማእ አቋም፣ ጋብቻ በሞት ስለሚያበቃ ከሞት በኋላ ዘሩን መጠቀም አይፈቀድም የሚል ነው፤ የአራት ወር ከአሥር ቀኑ ኢዳ (ባሏ የሞተባት ሴት ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ) ሳያልቅ ይፈቀዳል ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ይህን ለእህታችን እንዳለ ነገርኳት፤ ማለሳለስ ማታለል ይሆን ነበር። ነገር ግን ጠየቀች እንጂ አላደረገችም፤ ሸሪዓውን ልታውቅ የመጣችን ሴት በምንዝር ስም መጥራት ማን ፈቀደለት? ሕያው ሳለ ዘሩን ማስቀመጡ ሐላል ነበር፤ ድኖ ቢመለስ ለሚስቱ ነበር። አላህ ይዘንለት፣ ለእርሷም ሶብሩን ይስጣት።

መልስ 29። የልጅን ፆታ መምረጥ ተጠየቀ። ኡስታዙ የመካው ጉባኤ ለምርጫ ብቻ ሲሆን እንደከለከለ፣ ወንዶችን ወይም ሴቶችን ብቻ የሚያጠቃ የዘር በሽታ ሲኖር ግን እንደሚለይ ተናገሩ። ይኸው ነው።

መልስ 30። ትርፍ ፅንሶችስ? ጠያቂው የአካዳሚው የ1990 ውሳኔ በየጊዜው የሚፈለገው ያህል እንቁላል ብቻ እንዲዳቀል፣ ከተረፈም ያለ ሕክምና እንክብካቤ ተትቶ በራሱ እንዲያልቅ እንደሚል ጠቅሶ፣ ሁሉም ክሊኒክ ግን እያስቀመጠ ነው ሲል ከሰሰ።

መልስ 31። የቤተ ሙከራዋ እህት መለሰች። ከወጡት እንቁላሎች ስንቱ እንደሚዳቀል፣ ከተዳቀለውም ስንቱ አምስተኛ ቀን እንደሚደርስ አስቀድሞ አይታወቅም። አንዳንድ ሴት ደግሞ በመድኃኒቱ ብዛት እንቁልጢዋ አብጦ ሆዷ ውኃ ይቋጥራል፤ በዚያ ወር ፅንሱን መመለስ ሕይወቷን ያሰጋል፤ ማስቀመጥ ግድ ይላል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በ2008 ሕጓ ፅንስ ማስቀመጥን ከልክላ በ2019 ፈቅዳለች። ኡስታዙም ሩሕ (ነፍስ) የሚነፋው በ120 ቀን እንደሆነ የሚናገረውን የኢብን መስዑድን ሐዲስ አስታውሰው፣ ይህ ፅንሱን መናቅን እንደማያስፈቅድ አከሉ። በእኔ አስተያየት እነርሱው ባልና ሚስቱ በጋብቻ ውስጥ ሆነው እስከተጠቀሙበት ድረስ ማስቀመጡ ከውሳኔው ዓላማ አይርቅም፤ የውሳኔው ፍራቻ ፅንሱ ሌላ ሴት ዘንድ እንዳይደርስ ነውና።

መልስ 32። ለሕክምና ሊፈርሙ የተዘጋጁ ባልና ሚስት ቅጹ ላይ ምን እንመልከት ብለው ጠየቁ።

መልስ 33። የቤተ ሙከራዋ እህት ሦስት ነገር ነገረቻቸው። ፅንሱ ለስንት ዓመት እንደሚቀመጥ፣ አንዳቸው ቢሞቱ ወይም ቢፋቱ ምን እንደሚደረግ፣ የሚተርፈውም ለማን እንደሚሆን የሚጠይቁ ሣጥኖች አሉ። በሞትና በፍቺ ጊዜ እንዲወገድ የሚለውን ምልክት አድርጉ፤ ለሌላ ጥንድ ይለገስ የሚለውን ሰርዙ፣ ከስረዛው አጠገብም ሁለታችሁም ፈርሙ አለች። እኔ የጨመርኩት አንድ ብቻ ነው፦ አንዳንድ ቅጽ ላይ ለምርምር ይሰጥ የሚለው ከለጋሽነቱ መስመር ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ተደርቦ ስለሚጻፍ፣ ሳታነቡ አትለፉት፤ ካልገባችሁም የሞላችሁትን ቅጽ ቅጂ ይዛችሁ ወደምታምኑት ዓሊም ሂዱና ከመፈረማችሁ በፊት አሳዩት።